ቂጥኝ ኩላሊትን ሲነካ

(በጎንደር ከተማ ለዕድር አባላት፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ የምላችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። በገበያ ቀን፣ የቅዳሜ ገበያን ግርግር ትታችሁ፣ ስለ ሽንትና ስለ ቂጥኝ ለመስማት እዚህ መቀመጣችሁ በእውነት ያስመሰግናችኋል። አዘጋጆቹ ርእሱን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ዶክተር፣ ማስታወቂያው ላይ ስለ ኩላሊት ጤና ብለን ብንጽፈውስ?» አሉኝ። እኔም ሰው እንዲመጣልኝ ስለፈለግሁ እሺ አልኋቸው። አሁን ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ሙሉውን ልንገራችሁ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ቂጥኝ የተባለው በሽታ ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱ በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚድን ነው። በሦስት ከፍዬ እሄዳለሁ፤ መንገዴን ስቼ ወደ ወግ ከገባሁም ታገሡኝ።

ቃሉን ጆሯችሁ እንዲለምደው ደጋግሜ እጠራዋለሁ። ቂጥኝ። በአገራችን ይህ ስም ከበሽታነቱ ይልቅ በስድብነቱ ይታወቃል። ልጆች ሳለን ሜዳ ላይ ስንጣላ ትርጉሙን ሳናውቀው «ቂጥኛም» እንባባል ነበር። ስሙ ስድብ የሆነ በሽታ ደግሞ ሐኪም ፊት አይጠራም፤ ሐኪሙም ቢሆን ሊጠራው ይሳቀቃል። «ደምዎ ላይ ትንሽ ነገር ታይቷል፣ መርፌ ይውሰዱ» ብሎ ያልፈዋል። አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማ ግዛት ተስኪጊ በተባለ ቦታ፣ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ድረስ ቂጥኝ የነበረባቸው 400 ያህል ጥቁር ወንዶች «ደማችሁ መጥፎ ነው» እየተባሉ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ ሳይሰጣቸው በጥናት ስም ሲታዩ ኖረዋል። ያ ግፍ ነበር። እኛ ስሙን የምንደብቀው በይሉኝታ ነው፤ ይሁን እንጂ እዚያም ሆነ እዚህ በሽተኛው የያዘውን ነገር ስም ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስሙን ያላወቀ ሰው ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል? ከዓመት በኋላ ፊቱ ሲያብጥ ለሌላው ሐኪም ምን ታሞ እንደነበር እንዴት ያስረዳል?

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ኩላሊት ምን ይሠራል? ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደማችን ያጣራሉ። ከዚህ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ሲሆን የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ይህን የሚሠሩት በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል የሚሆኑ በዓይን የማይታዩ ማጣሪያዎች ናቸው። እናቶቼ፣ ጠጅ ስታጠሉ ፈሳሹ ይወርዳል፣ ጌሾው በጨርቁ ላይ ይቀራል። በጠጅ የምትፈልጉት የወረደውን ነው። በኩላሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰውነት አጥብቆ የሚፈልገው ከላይ የቀረውን ነው። ከላይ ከሚቀሩት ዋነኛው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ነው። የእንቁላል ነጭ ስታዩ የእርሱን ዘመድ አያችሁ ማለት ነው። የአልቡሚን ሥራ ውኃውን ደም ሥር ውስጥ ይዞ ማቆየት ነው። ጨርቁ ሲሳሳና አልቡሚኑ ወደ ሽንት ሲፈስ ውኃው የሚይዘው ያጣል፤ ከደም ሥር እየወጣ በሥጋ ውስጥ ይቋጠራል።

ጤነኛ ሰው በቀን በሽንቱ የሚያጣው ፕሮቲን ከ150 ሚሊግራም አይበልጥም። ከ3.5 ግራም ሲያልፍ ኔፍሮቲክ ሲንድረም የምንለው ሁኔታ ይመጣል። ሰውየው ጠዋት ሲነሣ በዓይኖቹ ዙሪያ ያብጣል፤ ማታ እግሩ ያብጣል፤ እየቆየ ሆዱም ውኃ ይቋጥራል። ሽንቱ አረፋ ይሠራል። የማንም ሰው ሽንት በኃይል ሲወርድ አረፋ ይኖረዋል፣ ነገር ግን ወዲያው ይጠፋል፤ የፕሮቲኑ አረፋ ሳይጠፋ ይቆያል። ሆኖም ስለ አረፋው ለገጠር ሰው ብንጠይቀው ምን ይለናል? ሜዳ ላይ ወይም ጉድጓድ ላይ የሚሸና ሰው አረፋ የት ያያል? ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «ሽንትህ አረፋ አለው ወይ?» ብላችሁ «የለውም» ስትባሉ በዚያ አትርኩ፤ ስለ ጫማው ጠይቁት። ጫማው ከመቼ ጀምሮ እንደጠበበው በሚገባ ያስታውሳል።

ታዲያ ቂጥኝ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው? የቂጥኝ ጀርም ትሬፖኔማ ፓሊደም ይባላል። በ1905 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በማይክሮስኮፕ ያዩት፣ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ቀጭን ፍጥረት ነው። ይህ ጀርም ኩላሊቱን ራሱ መብላት አያስፈልገውም። ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል አንቲቦዲ ያመርታል፤ የጀርሙ ቅንጣትና አንቲቦዲው እየተጣበቁ በማጣሪያው ሽፋን ውጫዊ ገጽ ላይ ይከማቻሉ፤ በዚያ በሚነሣው ብግነት ማጣሪያው ይጎዳና አልቡሚኑን መያዝ ያቅተዋል። ሜምብራነስ ኔፍሮፓቲ የምንለው ይህንን ነው፤ በቂጥኝ ምክንያት ከሚመጡት የኩላሊት ጉዳቶች ብዙውን ጊዜ የምናገኘውም እርሱን ነው። አልፎ አልፎ ኩላሊቱን በሳምንታት ውስጥ የሚያደክም የከፋ ብግነት ይመጣል። ሳይታከም ብዙ ዓመት በቆየ ቂጥኝ ደግሞ ጉማ የሚባል እብጠት ኩላሊት ውስጥ ሊበቅል ይችላል፤ ወይም ጀርሙ የአከርካሪ ነርቭን ጎድቶ ፊኛው ሽንት መግፋት ሲያቅተው ሽንቱ ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊቱን ይነፋዋል። እነዚህ ዛሬ ብዙ አይታዩም፤ ስለዚህ አልፋቸዋለሁ።

እንዳላስፈራራችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቂጥኝ የያዘው ሰው ሁሉ ኩላሊቱ አይታመምም፤ የሚታመመው ከብዙዎቹ ጥቂቱ ነው። ከኩላሊት በሽተኞቻችንም አብዛኞቹን የምናገኛቸው በስኳር፣ በደም ግፊትና በሌሎች ምክንያቶች ነው። «እንዲህ ብርቅ ከሆነ ስለምን ቅዳሜያችንን ትወስድብናለህ?» የሚል ቢኖር መልሴ ይህ ነው፦ በስኳር የተጎዳ ኩላሊትን ጉዳቱ እንዳይፋጠን እናዘገየው ይሆናል እንጂ ወደ ነበረበት አንመልሰውም። በቂጥኝ የታመመው ግን በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ይድናል። ሊድን የሚችለውን ሰው ሳንጠይቀው ቀርተን ከማይድኑት ጋር ስንደባልቀው ማየት እኔን ያንገበግበኛል።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ፤ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የቂጥኝ ተንኮል ጅማሬው ላይ ነው። ጀርሙ ከገባ በኋላ ባብዛኛው በሦስት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም እስከ 90 ቀን ዘግይቶ፣ በገባበት ቦታ ቁስል ይወጣል። ያ ቁስል አያምም። ልብ በሉ፣ አያምም። ከርክር የሚባለው ቁስል ያማል፤ ጨብጥ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል፤ ሰው እየሮጠ ወደ ሕክምና ይመጣል። የቂጥኝ ቁስል ግን ሳያም ይቆይና ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይድናል። በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ውስጥ ስለሚሆን እርሷም አታየውም። ሳምንታት ወይም ወራት አልፈው ጀርሙ በደም ሲሰራጭ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ድካም፣ የንፍፊት እብጠት፣ የጸጉር መመልመል፣ ከሁሉም በላይ የማያሳክክ ሽፍታ። ይህ ሽፍታ የእጅ መዳፍንና የእግር ውስጥን አይምርም። ኩላሊቱም ብዙውን ጊዜ የሚነካው በዚሁ ደረጃ ነው። ስለዚህ ፊቱ ያበጠ ሰው ስታዩ እጁን ገልብጣችሁ መዳፉን እዩ።

እኔ አላየሁም ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከመተማ ቆላ ከሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ፣ ዕድሜው 24 ዓመት የሆነ የወገራ ልጅ እናቱ ይዛው መጣች። እግሩ ከማበጡ የተነሣ የኮንጎ ጫማውን ላይኛውን በምላጭ ቀዶት ነበር። ያበጠ ሁለት ወር ሆኖታል። በመጀመሪያ መጋኛ ነው ተባለ፤ ከዚያ ጠበል ገባ፤ ከዚያ አንድ ቦታ የሚያሸና ክኒን ሰጡት፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ሽንቱን መርምረው ብግነት የሚያበርደውን፣ ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያደክመውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ጀመሩለት። እኛ ዘንድ ሲደርስ የሽንት ፕሮቲኑ አራት ፕላስ፣ ማለትም እጅግ ብዙ ነው። እኔም እንደ ደንቡ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የቂጥኝ ምርመራ አዘዝሁ፤ ሦስቱም የለበትም ብለው መጡ። በዚህም የኩላሊቱ የራሱ በሽታ ነው ብዬ ደመደምሁና የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ከፍ አደረግሁት።

በዚያን ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ እትዬ የምንላቸው ባለሙያ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ድረስ መጡና «የዚያን ያበጠ ልጅ መዳፍ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁም አልኋቸው። «እኔ ደም ስቀዳለት አየሁት። ጠቃጠቆ ነው። እስቲ ደሙን አቅጥኜ ልየው?» አሉ። እውነቱን ለመናገር በልቤ «ምርመራው ኔጌቲቭ ብሏል፣ ምን ይቀጠናል?» ብያለሁ፤ አክብሬያቸው ግን እሺ አልሁ። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ሳይቀጥን የለም ያለው ደም፣ ሲቀጥን እስከ 1፡128፣ ማለትም 128 እጥፍ እስኪቀጥን ድረስ አለ ይላል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ያዘዝሁት፣ ቪዲአርኤል የሚባለው የቂጥኝ ደም ምርመራ የሚነበበው ቅንጣቶች ተያይዘው ሲረጉ ነው። አንቲቦዲ ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ እጁ አንዱን ቅንጣት፣ በሌላው ሌላውን ሲይዝ ሰንሰለት ይሠራል። የጥምቀት ዕለት ታቦታቱን አጅበው ዱላ ይዘው የሚጨፍሩትን ወጣቶች አስቡ። አንዱ ወጣት በግራው አንድ ዱላ፣ በቀኙ ሌላ ዱላ ቢይዝ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ቢያደርግ፣ ከፋሲል መዋኛ እስከ ፒያሳ የሚደርስ ሰንሰለት ይሠራሉ። በአንድ ዱላ ላይ አሥር ሰው ከተረባረበ ግን ወደ ሌላው ዱላ እጁን የሚዘረጋ አይኖርም። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ የቂጥኝ በሽተኛ አንቲቦዲው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ እንዲህ ይሆናል፤ ሰንሰለቱ አይሠራም፣ ምርመራው በሽታው በበረታበት ሰዓት «የለም» ይላል። ደሙ ሲቀጥን ሰው ይቀንሳል፣ እጅ ለእጅም ይያያዛል። ባለሙያዎች ፕሮዞን ይሉታል። እኔ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ እትዬ ግን ያስታወሱት እርሳቸው ናቸው።

ወጣት ሐኪሞች፣ ላቦራቶሪ ስትልኩ የጠረጠራችሁትን በወረቀቱ ላይ ጻፉ። «ሽፍታ አለው፣ አብጧል፣ እባካችሁ ደሙን አቅጥኑት» ብላችሁ ጻፉ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እርሱ አንዴ ቂጥኝ ይዞት የዳነውንም ሰው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን «አለበት» ስለሚል፣ ሁለቱን ማስተያየት ያስፈልጋል።

የዚያ ቀን ሌላም ጥፋት ሠርቻለሁ። ልጁን ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት አልጠየቅሁትም። ለምን? እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ስለነበር። እርሷን «እማማ፣ እባክዎ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆዩልን» ማለት ከበደኝ። ከሌሎቹ ሐኪሞችም አንዳቸው አልጠየቁትም። ሁለት ወር ሙሉ ከቤት ወደ ጠበል፣ ከጠበል ወደ ክሊኒክ ሲንከራተት፣ በቆላ ሳለ ስላጋጠመው ነገር አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀውም። ብቻውን ሆኖ በተጠየቀ ጊዜ ግን ወዲያው ነገረኝ። ለመንገር ተዘጋጅቶ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ነበር። እዚህ ያላችሁ እናቶች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ሐኪሙ ውጡ ቢላችሁ አትቀየሙ።

ስለ ታሪኩ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሦስተኛው ልለፍ። በ1827 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሪቻርድ ብራይት የሰውነት እብጠትን፣ ፕሮቲን ያለበትን ሽንትና የታመመ ኩላሊትን አንድ ላይ አገናኝቶ ጻፈ። የዚያ ዘመን ሐኪም ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ ሽንቱን በማንኪያ አድርጎ በሻማ ሲያሞቀው እንደ እንቁላል ነጭ ሲረጋ ያይ ነበር። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ቂጥኝ የሚታከመው በባዜቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ ነበር። ባዜቃ ደግሞ ራሱ ያንኑ የኩላሊት ማጣሪያ ይጎዳል። በሽተኛው ሲያብጥ ያሳበጠው በሽታው ይሁን መድኃኒቱ ለመለየት ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ተቸግረዋል። ይህ የድሮ ወሬ አይምሰላችሁ፤ እህቶቼ፣ ፊት ያቀላል እየተባሉ ከሚሸጡት ቅባቶችና ሳሙናዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ባዜቃ ይገኛል። ፊቷን ልታቀላ ቅባት የገዛች ልጅ ፊቷ አብጦ ስትመጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ያበጠን ሰው ስንጠይቅ ቅባቱንም እንጠይቃለን።

ሦስተኛው ነጥብ፤ እንዴት ይድናል? ይህ አጭር ነው፤ አጭር በመሆኑም ደስ ይለኛል።

በ1910 እ.ኤ.አ. ኤርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ከአርሴኒክ የተሠራውን ሳልቫርሳን የተባለ የቂጥኝ መድኃኒት አወጣ፤ ከባዜቃው የተሻለ ቢሆንም መርዛማነት ነበረው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን አገኘ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማሆኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የመጀመሪያዎቹን አራት የቂጥኝ በሽተኞች በፔኒሲሊን አከመ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጀርም መድኃኒት ሲለምድ የቂጥኝ ጀርም ግን እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልለመደም። ዛሬ የምንሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ በሽታው ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ከቆየ ወይም መቼ እንደያዘ ካልታወቀ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ፣ በዳሌ ጡንቻ ይወጋል። ለልብ ሕመምተኛ ልጆች በየወሩ የሚሰጠው የዚሁ መድኃኒት መርፌ ነው። ወፍራም መርፌ ነው፣ ያማል፤ አልዋሻችሁም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ዶክሲሳይክሊን ይወስዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ዶክሲሳይክሊን ስለማይሰጣት ሐኪም በጥንቃቄ ፔኒሲሊኑን ያለማምዳታል።

የኩላሊቱ ጉዳት ከቂጥኝ ብቻ የመጣ ከሆነ በሽታው ሲታከም የሽንቱ ፕሮቲን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀንሳል፣ እብጠቱም ይጎድላል። ፕሬድኒሶሎን ባብዛኛው አያስፈልግም። ቂጥኙ ሳይታከም ፕሬድኒሶሎን ብቻ የተሰጠው ሰው ግን ጀርሙን የሚከላከልበት ኃይል እንዲደክም ተደርጓል ማለት ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው።

የወገራው ልጅ መርፌውን በወሰደበት ሌሊት ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው፤ ተንቀጠቀጠ፤ ሽፍታው ደመቀ። እናቱ ነርሷን «መርፌያችሁ ልጄን ሊገድለው ነው» ብላ አለቀሰችባት፤ ሌሊቱኑ ይዛው ልትሄድም ተነሣች። ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ነገር ነበር። የመጀመሪያው መርፌ በተወጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀርሞቹ በብዛት ሲሞቱ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ገደማ ያልፋል። አለርጂ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ብነግራት ኖሮ ያች እናት ያን ሌሊት በሰላም ባሳለፈች ነበር። ነርሷ በብዙ ልመና አስቀመጠቻቸው።

ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ ቀንሰን አቆምንለት። በሁለተኛው ወር ለቀጠሮ ሲመጣ ያንኑ የተቀደደ የኮንጎ ጫማ አድርጎ ነበር፤ አሁን ግን ጫማው ሰፍቶት እየወለቀ ያስቸግረዋል። አዲስ ለመግዛት ገንዘብ እስኪያገኝ በሲባጎ አስሮታል። የሽንቱ ፕሮቲን ወደ አንድ ፕላስ ወርዷል። በስድስተኛው ወር ምንም አልነበረም፤ የደሙም ምርመራ ከ1፡128 ወደ 1፡8 ወርዶ ነበር። ሲድን ማየት የምንፈልገው ይህንን ነው፤ ቁጥሩ ቢያንስ በአራት እጥፍ እንዲወርድ።

ሚስቱስ? በሁለተኛው ሳምንት ተጠርታ መጣች፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ምንም አታውቅም፣ ምንም አያማትም፣ ደሟ ግን አለበት አለ። ታከመች። ስሙን እርሱ ራሱ እንዲነግራት አደረግን፤ ክፍሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አብረው ነው የወጡት።

ስለ ነፍሰ ጡር ካነሣሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ተማሪ ሳለሁ፣ እንደ ጎንደር ልማድ፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነን ወደ ገጠር እንወጣ ነበር፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ ለማሠልጠን ነበርና ያ ልማድ እስከ እኛ ደርሷል። በዚያ ሳለን አንዲት እናት የሁለት ወር ሕፃን አዝላ መጣች። ሕፃኑ አፍንጫው ታፍኖ ያናፍጣል፣ መዳፉ ይላላጣል፣ ፊቱና ሆዱ አብጧል። እርሷ «ወፍሮልኝ ነበር» አለች። ማበጡን ወፍራምነት አድርጋ፣ ልጄ ፋፋ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ቤቷ ነው የወለደችው፣ በእርግዝናዋም አንድ ቀን አልተመረመረችም። ከእናቱ በማህፀን የተላለፈ ቂጥኝ ሕፃኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት ኩላሊቱን ይዞ እንዲህ ሊያሳብጠው ይችላል። ፔኒሲሊን ለአሥር ቀን ተሰጠው፤ ዳነ። የአንዲት ጠብታ ደም ምርመራ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቢደረግላት ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አዋላጅ ነርሶች፣ የኤችአይቪውን ስታደርጉ የቂጥኙን አትዝለሉ። በእርግዝና ፊቷ ያበጠና ሽንቷ ፕሮቲን ያለው ሴት ስትመጣ ቅድሚያ የደም ግፊቷን እዩ፤ ያ ነፍስ ያጠፋል። ከዚያ ግን ካርዷን ገልጣችሁ የቂጥኝ ምርመራዋ የት እንዳለ ፈልጉ።

ለባልደረቦቼ አንድ ቅሬታ አለኝ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊንን እንፈራለን። አለርጂ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሞትም ሊያመጣ ይችላል፣ ምንም እንኳ ብርቅ ቢሆን። መፍትሔው ግን መርፌውን መከልከል ነውን? ከዚህ በፊት ተስማምቶት እንደሆነ ጠይቁ፣ አለርጂ ቢነሣ የሚሰጠውን አድሬናሊን በእጃችሁ አቅራቢያ አድርጉ፣ ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። በፍርሃታችን ምክንያት በክኒን ተሸኝቶ ክኒኑን ያልጨረሰው ሰው ስንት ነው?

ለአባቶቼ ካህናትም አንድ ቃል። ያበጠ ሰው ከእኛ በፊት ወደ እናንተ ይመጣል፤ ይህ እንዲቀየር አልለምንም። የምለምነው ሌላ ነው፦ ጠበሉን እየተጠመቀም መርፌውን እንዲወጋ፣ ወደ እኛም እንዲመጣ እናንተ ብትሉት ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማል። አንድ ቄስ እንዲህ አድርገው የላኩልኝን በሽተኛ አስታውሳለሁ፤ «ጠበሉ አይከለክልህም፣ ሂድ» ብለውት ነበር። ያ በሽተኛ በሦስተኛው ቀን ደርሶኛል፤ የወገራው ልጅ በሁለተኛው ወር።

ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ጥያቄ ነው። እጃችሁን አውጡ ብላችሁ ማንም እንደማያወጣ ከልምድ ስለማውቅ በሩ አጠገብ ወረቀትና ካርቶን አስቀምጠናል። ስም አያስፈልግም። ... እነሆ አንድ ወረቀት ከአሁኑ ደርሶኛል፤ እንዲያውም ንግግሬን ሳልጨርስ ነው የተጻፈው። ላንብበው፦ «ዶክተር፣ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው የምጠይቀው። ከሦስት ዓመት በፊት የማያም ቁስል ወጥቶበት ራሱ ድኗል። አሁን አያብጥም፣ ምንም አይሰማውም። መመርመር አለበት ወይ?»

አዎ፣ ይመርመር። ከጣቱ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል፣ ብዙ ጊዜ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ካለበት፣ ሦስት ዓመት ስለሆነው አንድ መርፌ አይበቃውም፤ ሦስት ሳምንት ሦስት መርፌ ነው። ሽንቱንም ያሳይ። የትዳር ጓደኛ ካለችው አብራው ትምጣ። ለጓደኛዎ በመጀመሪያው ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው እንዳይደነግጥ ደግመው ይንገሩልኝ።